ብርሃንና ማደሪያው

ቁስ አካል ሁሉ ከብርሃን የተገኘ ነው የሚለው ሐሳብ ጅማሬና ፍጻሜ ያለው የተፈጥሮ ትምህርት ሆኖ የተጻፈው በ1225 ገደማ፣ በእንግሊዛዊው ሮበርት ግሮስቴስት እጅ ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ግሮስቴስት በሰፎክ ከዝቅተኛ ቤተሰብ ተወልዶ በኦክስፎርድ የፍራንቸስካውያን መነኮሳት መምህር የሆነ፣ ከ1235 አንሥቶ እስካረፈበት እስከ 1253 ድረስ የሊንከን ጳጳስ የነበረ ሰው ነው። የአርስጣጣሊስን የሥነ ምግባር መጽሐፍ ከግሪክ ወደ ላቲን የመለሰውም እርሱ ነው። «ስለ ብርሃን» የተባለችው ድርሳኑ ግን ጥቂት ገጾች ብቻ ናት።

የድርሳኗ መነሻ ጥያቄ ላይ ላዩን ሲያዩት የሕፃን ጥያቄ ይመስላል፦ ድንጋይ ቦታ የሚይዘው ለምንድን ነው? የዘመኑ ሊቃውንት፣ አርስጣጣሊስን ተከትለው፣ ማንኛውም አካል የቁስና የቅርጽ ውሕደት ነው ይላሉ። ቁስ ለብቻው ሲታሰብ መሆን የሚችል እንጂ ገና ምንም ያልሆነ ነገር ነው፤ ርዝመት፣ ወርድ፣ ጥልቀት የለውም። ቅርጽም ለብቻው ሲታሰብ በክንድና በስንዝር አይለካም። መጠን የሌላቸው ሁለቱ ተዋሕደው መጠን ያለው ድንጋይ ከየት መጣ? ግሮስቴስት ይህን ቋጠሮ የሚፈታለት አንድ ባሕርይ ፈለገ፤ በራሱ መጠን የሌለው፣ ሆኖም ራሱን በራሱ እያበዛ በየአቅጣጫው ሊዘረጋ የሚችል። ከሚታዩት ፍጥረታት መካከል እንዲህ ያለ ጠባይ ያገኘው በአንዱ ብቻ ነው። በጨለማ ቤት የተለኮሰ ኩራዝ ወዲያውኑ ቤቱን ይሞላል፤ ግድግዳ ካላገደው በቀር ዙሪያውን እኩል ይሰፋል። ስለዚህ አካልን አካል የሚያሰኘው የመጀመሪያው ቅርጽ ብርሃን ነው ሲል ደመደመ።

ከዚህ የሚቀጥለው የፍጥረት ታሪክ ነው። እግዚአብሔር በመጀመሪያ አንዲት የብርሃን ነጥብ ከቀዳማዊው ቁስ ጋር አዋሕዶ ፈጠረ። ብርሃኑ እንደ ባሕርዩ ራሱን ስፍር ቁጥር በሌለው ብዜት አበዛ፤ ሲበዛም ከእርሱ ሊነጠል የማይችለውን ቁስ እየሳበ ወሰደው፤ ሁለቱም አንድ ላይ ክብ ሉል ሆኑ። በሉሉ ጠርዝ ቁሱ ከዚያ በላይ ሊሳሳ እስከማይችል ድረስ ሳሳ፤ ጠፈር የተባለው ይህ ነው። ጠፈሩ በተራው ብርሃኑን ወደ ውስጥ መለሰ። ግሮስቴስት ለመጀመሪያው ብርሃንና ለተመላሹ ሁለት የተለያዩ የላቲን ቃላት አሉት፤ በአማርኛ አንዱን «ብርሃን»፣ ሌላውን «ጸዳል» ማለት ይቻላል። ጸዳሉ ወደ መካከል ሲወርድ ያገኘውን ቁስ እየገፋ አጠጋጋው፤ ወደ ታች የተገፋው ወፈረ፣ ከላይ የቀረው ሳስቶ ፍጹም ሆነና ሁለተኛ ሰማይ ተባለ። ያም በተራው ጸዳሉን ሰደደ። ነገሩ እንዲህ እየቀጠለ ዘጠኝ ሰማያት ተደረደሩ። የመጨረሻው የጨረቃ ሰማይ ነው። የእርሱ ጸዳል ደክሞ ስለነበር ከበታቹ ያለውን ወደ ፍጽምና ማድረስ አልቻለም፤ እሳት፣ አየር፣ ውሃና መሬት የሚለዋወጡት፣ የሚወለደውና የሚበሰብሰው ሁሉ በእነርሱ ዘንድ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ዘጠኙ ከአራቱ ጋር አሥራ ሦስት ሉል ይሆናሉ።

ከሰማያቱ አደራደር ይልቅ ደፋሩ ክፍል ስለ ወሰን የለሽ ቁጥር የሚናገረው ነው። መጠን የሌለው ነገር የተቆጠረ ጊዜ ቢባዛ መጠን አይወጣውም፤ ወሰን በሌለው ቁጥር ሲባዛ ግን ሊለካ የሚችል መጠን ያገኛል ይላል ግሮስቴስት። ታዲያ አንዱ አካል ከሌላው ለምን ይበልጣል? ወሰን የለሽ ብዜቶች ሁሉ እኩል ስላልሆኑ ነው። ለምሳሌ የቁጥሮች ሁሉ ድምር ከተጋማሽ ቁጥሮች ድምር በጎዶሎዎቹ ልክ ይበልጣል፤ ሁለቱም ግን መጨረሻ የላቸውም። ጌኦርግ ካንቶር በ19ኛው መቶ ዘመን ነገሩን በጥብቅ ሒሳብ ሲመረምር በዚህ ምሳሌ አልሄደም፤ በእርሱ አቆጣጠር ተጋማሽ ቁጥሮች ብቻቸውን ከቁጥሮች ሁሉ አያንሱም። ወሰን የለሾች ይበላለጣሉ የሚለው ዋናው ነገር ግን በካንቶር እጅ ጸንቶ ቆመ። አንድ የመካከለኛው ዘመን መምህር ምሳሌውን ስቶ ሐሳቡን ማግኘቱ የሚያስደንቅ ነው።

በ2014 በዳራም ዩኒቨርሲቲ ዙሪያ የተሰባሰቡ የፊዚክስና የላቲን ምሁራን ድርሳኗን ወደ ሒሳብ ቀየሯት። የብርሃኑን ብርታት፣ የቁሱን ውፍረት፣ አንዱ ሌላውን የሚገፋበትን መጠን በእኩልዮሽ ጽፈው በኮምፒውተር አስኬዱት። ሉሎቹ በእርግጥም አንዱ በሌላው ውስጥ ሆነው ወጡ። መነሻ መጠኖቹ ትንሽ ሲዛቡ ግን ሰማያቱ ቅጥ ያጣሉ ወይም ጨርሶ አይፈጠሩም፤ የተፈለገውን ቁጥር የሚሰጠው ምርጫ እጅግ ጠባብ ነው። ድርሳኗ ከራሷ ጋር የማትጣላ መሆኗ በዚህ ታየ። ከተፈጥሮ ጋር ትስማማለች ወይ የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው።

የሐሳቡ ሥር በከፊል አርስጣጣሊስ፣ በከፊል ኦሪት ዘፍጥረት ነው። በዘፍጥረት ብርሃን የተፈጠረው በመጀመሪያው ቀን ሲሆን ፀሐይ የተፈጠረችው በአራተኛው ነው። ፀሐይ ሳትኖር ብርሃን ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ብዙ የቤተ ክርስቲያን አባቶችን አሳስቧል። በ379 ያረፈው ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ስድስቱ ቀናት በሰጣቸው ስብከቶች ብርሃንንና ብርሃን ሰጪውን ይለያቸዋል፦ ብርሃኑ አስቀድሞ ተፈጠረ፤ ፀሐይ ኋላ የተሠራችው ለዚያ ብርሃን መያዣ እንድትሆን ነው። ነበልባል ሌላ፣ ፋኖሱ ሌላ እንደማለት ነው። ግሮስቴስት ራሱም ስለ ስድስቱ ቀናት ሰፊ መጽሐፍ ጽፏል፤ ባስልዮስንም በዚያ ደጋግሞ ይጠቅሳል።

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ይኸው ጥያቄ በሌላ መንገድ ተስተናግዷል። በኤጲፋንዮስ ስም የሚጠራው የግእዙ አክሲማሮስና ከእርሱ ጋር የሚሄደው የሥነ ፍጥረት ትምህርት በዕለተ እሑድ ስምንት ፍጥረታት ተፈጠሩ ይላል፦ አራቱ ባሕርያት፣ ማለትም መሬት፣ ውሃ፣ ነፋስና እሳት፤ ከዚያም ጨለማ፣ ሰባቱ ሰማያት፣ መላእክትና ብርሃን። ሰባቱ በአርምሞ፣ በዝምታ፣ ሲፈጠሩ በነቢብ፣ በቃል፣ የተፈጠረው ብርሃን ብቻ ነው። ፀሐይ፣ ጨረቃና ከዋክብት የረቡዕ ሥራ ናቸው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል። ለግሮስቴስት ብርሃን የአካላት ሁሉ ቀዳማዊ ቅርጽ ነው፤ መሬትም ውሃም ከእርሱ በኋላና በእርሱ የመጡ ናቸው። ለአገራችን ሊቃውንት ግን ብርሃን ክብሩ ከፍ ያለ ቢሆንም ከስምንቱ አንዱ ነው፤ ግዙፉ ነገር በአራቱ ባሕርያት ቆመ እንጂ በብርሃን አልተሠራም። ሁሉን ወደ አንድ ነገር የመጠቅለል ምኞት በዚህ ትምህርት ውስጥ ቦታ አላገኘም፤ እንደሚታየው ይህ ጉድለት አልሆነበትም።

በሜዲትራኒያን ማዶ፣ ከግሮስቴስት አንድ ትውልድ ቀደም ብሎ፣ ሌላ ሰው ብርሃንን የሁሉ መሠረት አድርጎ ነበር። በ1154 በፋርስ ተወልዶ በ1191 በሐለብ ከተማ በሞት የተቀጣው ሱህራዋርዲ «የአብርሆት ፍልስፍና» የሚባለውን ትምህርት መሠረተ። በእርሱ ዘንድ መኖር ማለት ማብራት ነው፤ ከብርሃናት ሁሉ ብርሃን ከሆነው ከፈጣሪ አንሥቶ እስከ ደካማው ጭላንጭል ድረስ ያለው ሁሉ በብርሃን ደረጃ ይበላለጣል። ነገር ግን ግዙፍ አካል በዚህ መሰላል ላይ ጨለማ ነው፤ ብርሃንን የሚጋርድ ግርዶሽ። ግሮስቴስት ድንጋዩን ራሱን ብርሃን አለው፤ ሱህራዋርዲ ብርሃን የጎደለው አለው። ሁለቱን በአንድ ስም «የብርሃን ፍልስፍና» እያሉ መጥራት የተለመደ ቢሆንም፣ ስለ ቁስ አካል ሲጠየቁ መልሳቸው ተቃራኒ ነው።

የግሮስቴስት ሰማያት ከኮፐርኒከስና ከጋሊልዮ በኋላ ፈረሱ። ብርሃን በቅጽበት ቤቱን ይሞላል የሚለው መነሻም በ1676 ወደቀ፤ ዴንማርካዊው ኦለ ሮመር ከጁፒተር ጨረቃዎች አንዷ የምትጋረድበት ሰዓት መዛባቱን አይቶ ብርሃን ለመጓዝ ጊዜ እንደሚፈጅ አሳየ። ጥያቄው ግን አልሞተም። አይዛክ ኒውተን «ኦፕቲክስ» በተባለው መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ከደረደራቸው ጥያቄዎች በአንዱ፣ ግዙፍ አካላትና ብርሃን አንዱ ወደ ሌላው ሊለወጡ አይችሉም ወይ ሲል ጠይቋል። ቁርጥ ያለ መልስ ግን አልሰጠበትም።

መልስ የሚመስል ነገር የመጣው ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በ1865 ብርሃን የኤሌክትሪክና የማግኔት ሞገድ መሆኑን ካሳየ በኋላ ነው። በ1881 ጄ. ጄ. ቶምሰን አንድ አስገራሚ ነገር አሰላ። በኤሌክትሪክ የተሞላ ኳስ ሲንቀሳቀስ በዙሪያው ያለው መስክም አብሮ መንቀሳቀስ ስላለበት፣ ኳሱን ለመግፋት ተጨማሪ ጉልበት ያስፈልጋል፤ ኳሱ የከበደ ያህል ይሆናል። እንግዲህ ክብደት የሚባለው ነገር በሙሉ ከመስክ የመጣ ቢሆንስ? ቪልሄልም ቪን በ1900፣ ማክስ አብርሃም ከእርሱ ቀጥሎ ይህን ተስፋ ይዘው ተነሡ። ኤሌክትሮን ከራሱ መስክ ሌላ ምንም የሌለው ከሆነ ቁስ የሚባል ነገር ቀርቶ ኤሌክትሮማግኔታዊ መስክ ብቻ ይቀራል፤ ብርሃን ደግሞ የዚያ መስክ ሞገድ ነው። የግሮስቴስት ሕልም በሒሳብ ልብስ ተመልሶ መጣ ማለት ይቻላል።

ያሰናከለው አንድ ቀላል ነገር ነው። ተመሳሳይ የኤሌክትሪክ ቻርጆች ይገፋፋሉ። ኤሌክትሮን ከራሱ ቻርጅና መስክ ብቻ የተሠራ ትንሽ ኳስ ከሆነ ክፍሎቹ እርስ በርስ ተገፋፍተው በአንድ አፍታ መበተን አለባቸው። ስሌቱም አይገጥምም ነበር፤ ከመስኩ ኢነርጂ የሚሰላው ክብደትና ከመስኩ ግፊት የሚሰላው በአራት ሦስተኛ ይለያያሉ። ሄንሪ ፖይንካሬ በ1905 ችግሩን የፈታው ከውጭ የሚያጠብቅ፣ በራሱ ኤሌክትሪክ ያልሆነ ውጥረት በመጨመር ነው። ሁሉም መስክ ነው የተባለው እንዲቆም መስክ ያልሆነ ማሰሪያ አስፈለገው። ይህ ነጥብ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ከዚህ በኋላ በሚመጡት ሙከራዎች ሁሉ ይመላለሳል። ባስልዮስ ብርሃንንና መያዣውን የለየበት ምክንያት ሌላ ቢሆንም፣ የመያዣው ጥያቄ በፊዚክስም ውስጥ ሊሸሹት የማይቻል ሆኖ ተገኘ።

በዚያው በ1905 አልበርት አይንስታይን የክብደትንና የኢነርጂን ዝምድና ያገኘው ብርሃንን በመከተል ነው። አንድ አካል በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ እኩል ብርሃን ቢሰድድ፣ አካሉ ከሰደደው ብርሃን ኢነርጂ ጋር በሚመጣጠን መጠን መቅለል እንዳለበት አሳየ። ፀሐይ በየሴኮንዱ ከአራት ሚሊዮን ቶን በላይ የምትቀለው በዚህ ሕግ ነው። በተቃራኒውም ይሠራል። ውስጡ ፍጹም መስታወት የሆነ ሣጥን ቢኖርና ብርሃን ቢሞላበት ሣጥኑ ይከብዳል፤ ለመግፋትም ያስቸግራል፤ ሚዛን ላይም ይታወቃል። የሚጨምረው እጅግ ጥቂት ነው፦ 100 ዋት የሆነ ብርሃን ዓመት ሙሉ ቢሰበሰብ ክብደቱ ከአንድ ሚሊግራም ሃያ አምስተኛ እጅ አይሞላም። መርሑ ግን ግልጽ ነው። ክብደት የሌለው ብርሃን ሲታሠር ክብደት ይኖረዋል። ቁስ ሁሉ የታሠረ ብርሃን ነው የሚሉ አማራጭ የፊዚክስ ትምህርቶች በሙሉ የሚነሡት ከዚህ ሣጥን ነው፤ ሣጥኑ ራሱ ከአቶሞች የተሠራ መሆኑን ግን አንዳንዶቹ ይዘነጉታል።

ብርሃን ወደ ቁስ መለወጡ ዛሬ የሚያከራክር አይደለም። ካርል አንደርሰን በ1932 ፖዚትሮንን፣ የኤሌክትሮንን አዎንታዊ መንትያ፣ ካገኘ በኋላ በዓመቱ ፓትሪክ ብላኬትና ጁሴፔ ኦኪያሊኒ ኃይለኛ ጨረር ኤሌክትሮንና ፖዚትሮንን ጥንድ አድርጎ እንደሚያወጣ አስረዱ። ለዚህ ጨረሩ ቢያንስ 1.022 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ኢነርጂ ሊኖረው ይገባል። አንድ የብርሃን ቅንጣት በባዶ ሕዋ ብቻውን ሲጓዝ ይህን ማድረግ አይችልም፤ ግፊቱን የሚቀበልለት የአቶም እምብርት በአጠገቡ መኖር አለበት። ግሪጎሪ ብራይትና ጆን ዊለር በ1934 ሁለት የብርሃን ቅንጣቶች ብቻቸውን ተጋጭተው ጥንዱን ሊወልዱ እንደሚችሉ አሰሉ። በ1997 በካሊፎርኒያ በስላክ ቤተ ሙከራ ኃይለኛ የሌዘር ብርሃን መቶ ያህል ፖዚትሮኖች አወጣ፤ በ2021 ደግሞ በብሩክሄቨን ቤተ ሙከራ እየተሽቀዳደሙ የሚተላለፉ የወርቅ እምብርቶች በዙሪያቸው ከሚሸከሙት ብርሃን ከ6,000 በላይ ጥንዶች መወለዳቸው ተዘገበ። የኒውተን ጥያቄ አዎን የሚል መልስ አገኘ።

ይሁን እንጂ «ወደ ቁስ ተለወጠ» እና «ቁስ ከእርሱ የተሠራ ነው» አንድ አይደሉም። በድሮው ገበያ አሞሌ ጨው ሰጥቶ ጤፍ የሸመተ ሰው ጤፉ ከጨው ተሠራ አይልም፤ ጤፍ ተፈጭቶ፣ ተቦክቶ፣ ተጋግሮ እንጀራ ሲሆን ግን እንጀራው የጤፍ ነው። ብርሃን ኤሌክትሮንን ሲወልድ የሚሆነው እንደ መጀመሪያው ነው። ብርሃን የኢነርጂውን ዋጋ ይከፍላል፤ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ግን የለውም፤ ስለዚህ አሉታዊ በወጣ ቁጥር እኩል አዎንታዊ አብሮ መውጣት አለበት። ኤሌክትሮኑን ቢሰብሩት ውስጡ ብርሃን ይገኛል ማለት ከዚህ አይከተልም። የሃይማኖትና የፍልስፍና ጸሐፊዎች በዚህ ርዕስ ሲሳሳቱ በአብዛኛው የሚሳሳቱት ይህችን ድንበር ሳያዩ ሲሻገሩ ነው።

ኤሌክትሮን በእርግጥ የታሠረ ብርሃን ነው ብለው በሙያ ቋንቋ የተከራከሩም አሉ። ዊለር በ1955 «ጂኦን» ያለውን ነገር አሰበ፦ በራሱ ኢነርጂ በሚፈጥረው ስበት ተጠምዝዞ ክብ የሚዞር የብርሃን ጥቅል። ስበት እጅግ ደካማ ስለሆነ እንዲህ ያለው ጥቅል ግዙፍ መሆን ይኖርበታል፤ ጸንቶ የሚቆይም አይደለም። በ1997 ጆን ዊሊያምሰንና ማርቲን ቫን ደር ማርክ ኤሌክትሮን በቀለበት መልክ ሁለት ጊዜ የተጠመጠመ አንድ የብርሃን ቅንጣት ነው የሚል ጽሑፍ አወጡ። ሞዴላቸው የኤሌክትሮንን ስፒን፣ ማለትም ውስጣዊ ሽክርክሩን፣ በጥሩ ሁኔታ ያስረዳል፤ ቻርጁንም ከእውነተኛው 91 በመቶ አድርሶ ያሰላል። ለእንዲህ ቀላል ሥዕል መጥፎ ውጤት አይደለም። ችግሩ ሁለት ነው። ቀለበቱ ከአንድ ሚሊሜትር አሥር ቢሊዮንኛ እጅ በሚያህል ስፋት የተዘረጋ መሆን ሲገባው፣ የግጭት ሙከራዎች ከዚያ በመቶ ሺህ እጅ በሚያንስ ርቀት እንኳ ኤሌክትሮን እንደ ነጥብ ሆኖ ከመታየት በቀር አንዳች ውስጣዊ ቅርጽ አላሳዩም። ሁለተኛው ያው የፖይንካሬ ጥያቄ ነው፤ ብርሃኑን ማን አጥፎ ያዘው? ሁለት የባትሪ መብራቶች ጨረራቸው ቢሻገር አንዱ ሌላውን ሳይነካ ያልፋል። ብርሃን ብርሃንን የሚነካበት መንገድ መኖሩ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ቢታወቅም፣ በ2017 በሰርን ቤተ ሙከራ የአትላስ ሙከራ ተመራማሪዎች ከአራት ቢሊዮን በላይ ክስተቶች መርምረው ያገኙት 13 ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ክር ቀለበት አይታሠርም።

ጉልበቶችንም በብርሃን ለማስረዳት ተሞክሯል። የኤሌክትሪክና የማግኔት ጉልበት በእርግጥ በብርሃን ቅንጣቶች ልውውጥ ይገለጻል፤ ይህ የተቀበልነው ፊዚክስ ነው። ብርሃን መግፋት መቻሉም የተለካ ነው፤ የጃፓኗ ኢካሮስ መንኮራኩር በ2010 በፀሐይ ብርሃን ግፊት ተጉዛለች። ከዚህ ተነሥቶ ስበትን ከየአቅጣጫው በሚመጣ ጨረር ግፊት ለማስረዳት መሞከር የሚያጓጓ ነው፦ ሁለት አካላት አንዱ ለሌላው ጥላ ስለሚሆን ከውጭ ያለው ጨረር ወደ ውስጥ ይገፋቸዋል። ሄንድሪክ ሎሬንትዝ በ1900 ይህን በኤሌክትሮማግኔታዊ ጨረር መርምሮታል። መሳሳብ እንዲኖር አካላቱ ጨረሩን ሳያቋርጡ መዋጥ አለባቸው፤ የሚውጡት ኢነርጂ ደግሞ መሬትን ጥንት አቅልጦ ባተነናት ነበር። ሐሳቡ በዚያው ቀረ።

ለግሮስቴስት መንፈስ የሚቀርበው እውነት የተገኘው ካልተጠበቀ ቦታ ነው። የሰው አካልም ሆነ የድንጋይ ክብደት ከሞላ ጎደል በአቶም እምብርት ውስጥ ባሉት ፕሮቶኖችና ኒውትሮኖች ላይ ነው። ፕሮቶን ሦስት ኳርኮች አሉት፤ የሦስቱ የራሳቸው ክብደት ቢደመር ግን ከፕሮቶኑ አንድ በመቶ ገደማ ነው። የተቀረው የኳርኮቹ እንቅስቃሴና እነርሱን የሚያስተሳስሩት የግሉኦኖች መስክ ኢነርጂ ነው። ግሉኦን እንደ ብርሃን ቅንጣት በራሱ ክብደት የለውም፤ የሚለየው ግሉኦን ግሉኦንን ስለሚይዝ ነው። ብርሃን ያጣውን ማሰሪያ ይህ ዘመዱ ከራሱ ጋር ይዞ ይዞራል። ስለዚህ የመስታወቱ ሣጥን ምሳሌ በአቶም እምብርት ውስጥ እውን ነው፤ በሣጥኑ ያለው ብርሃን አይደለም እንጂ።

ቦታ ስለመያዝስ? ፓውል ኤረንፌስት በ1931 ለቮልፍጋንግ ፓውሊ የሎሬንትዝ ሜዳሊያ ሲሰጥ ያነሣው፣ ሳያውቀው፣ የግሮስቴስትን ጥያቄ ነው፦ አንድ ድንጋይ ይህን ያህል ቦታ መያዙ ቆም ብለው ሲያስቡት አስደናቂ ነው። መልሱ ራሱ ፓውሊ በ1925 ያወጣው ሕግ ነበር፤ ሁለት ኤሌክትሮኖች በአንድና በዚያው ሁኔታ ሊገኙ አይችሉም፤ አንዱ ቦታውን ከያዘ ሌላው ከፍ ወዳለው መሄድ አለበት። ፍሪማን ዳይሰንና አንድሩ ሌናርድ በ1967 ይህን በጥብቅ ሒሳብ አረጋገጡት። ሕጉ ባይኖር ኖሮ ቁስ ሁሉ ወደ ውስጥ በተጨማደደ፣ ሁለት የድንጋይ ቁራጮችም ሲገናኙ የአቶም ቦምብ ያህል ኢነርጂ በለቀቁ ነበር። ብርሃን ግን ለዚህ ሕግ አይገዛም። የብርሃን ቅንጣቶች ስፍር ቁጥር የሌላቸው ሆነው በአንድ ሁኔታ ውስጥ ይነባበራሉ፤ ሌዘር የሚሠራው በዚህ ነው። ግሮስቴስት ድንጋይን ቦታ ያስያዘው ብርሃን ነው አለ፤ ድንጋይን ቦታ የሚያስይዘው ብርሃን የሌለው ጠባይ ሆኖ ተገኘ። ጥያቄው ትክክል፣ መልሱ ተቃራኒ ነበር።

ይህ የሃይማኖቱን ነገር በምን ይነካዋል? የግሮስቴስት ብርሃን ፍጡር ነው፤ ፈጣሪን ብርሃን ብሎ መጥራት ሌላ፣ ድንጋይ ከብርሃን ተሠራ ማለት ሌላ መሆኑን ጳጳሱ አልሳተውም። ሁለቱን የማቀራረብ ፈተና ግን በ20ኛው መቶ ዘመንም ተመልሷል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጲዮስ 12ኛ በኅዳር 1951 ባደረጉት ንግግር አዲሱን የፍጥረተ ዓለም ሳይንስ በዘፍጥረት ከተነገረው ብርሃን ጋር አያያዙት። የታላቁን ፍንዳታ ሐሳብ ያመነጨው ቤልጅጋዊው ካህን ዦርዥ ሌሜትር አልተደሰተም፤ ለእርሱ የፊዚክስ ጅማሬና የእምነት ፍጥረት በየራሳቸው መንገድ የሚሄዱ ነበሩ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ በቀጣዩ ዓመት መስከረም ለሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች ጉባኤ ሲናገሩ ያንን ማያያዣ አልደገሙትም።

ሳይንሱ ራሱ የሚተርከው ቅደም ተከተልም ብርሃንን ፊት አያስቀድምም። በመጀመሪያዎቹ አፍታዎች ብርሃንና ቁስ አንዱ ወደ ሌላው እየተመላለሱ አብረው ነበሩ። ሕዋው ሲቀዘቅዝ ቁስና ጸረ ቁስ ተጠፋፍተው ብርሃን ሆኑ፤ ከቢሊዮን አንድ ገደማ ቁስ ተርፎ ከዋክብትና ሰው የሆነው እርሱ ነው። የዚያ ዘመን ብርሃን ዛሬም ደክሞ፣ ከዜሮ በታች 270 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ቀዝቅዞ፣ በእያንዳንዱ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ሕዋ ውስጥ 411 ያህል ቅንጣት ሆኖ ይገኛል። በቁጥር ከታሰበ ለእያንዳንዱ ፕሮቶን ከቢሊዮን በላይ የብርሃን ቅንጣት አለ፤ በሚዛን ከታሰበ ግን ያ ሁሉ ብርሃን በዓለም ካለው ኢነርጂ ከአሥር ሺህ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም።